በእንግሊዝኛ የሌላውን ሰው ንግግር የሚያስተላልፉ ግሦች፤ ታሪካቸውና አመራረጣቸው

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሌላውን ሰው ንግግር ወደ ተዘዋዋሪ አነጋገር መለወጥ የታወቀ የእንግሊዝኛ መልመጃ ነው። መምህሩ የጊዜውን፣ የተውላጠ ስሙንና የቦታ አመልካቹን ለውጥ በሰንጠረዥ ያስረዳል፤ ተማሪውም ዐረፍተ ነገሮቹን በዚያው መሠረት እየለወጠ ይጽፋል። ግሡን በተመለከተ ግን ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ምክር አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም «ሴይ» የሚለውን ግሥ ከመደጋገም ይልቅ በሌላ መተካት እንደሚገባ ነው። ለዚህም ሲባል ረዘም ያለ የግሦች ዝርዝር በሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ዝርዝሩ ግሦቹን ሁሉ አንድ ትርጉም ያላቸው አስመስሎ ስለሚያቀርብ፣ ተማሪው ሳያውቀው የሰውን ቃል እንዲያጣምም መንገድ ይከፍታል። እያንዳንዱ ግሥ ግን የራሱ ታሪክ አለው፤ ያም ታሪክ ዛሬ በሚሰጠው ትርጉም ውስጥ ይታያል።

የግሦቹ አመጣጥ

ከጥንታውያኑ እንግሊዝኛ ግሦች መካከል የሰውን ቃል ለማስተላለፍ በብዛት ያገለግል የነበረው፣ በኋላ «ክዎዝ» በሚል ቅርጹ ብቻ በድሮ ጽሑፎች ተወስኖ የቀረው ነው። ሥራውን ቀስ በቀስ የወረሰው «ሴይ» ሲሆን፣ ይህ ግሥ አንድ ሰው አንድ ቃል መናገሩን ከማመልከት በቀር ሌላ ፍርድ አይሰጥም። «ቴል» በመሠረቱ መቁጠር ማለት ነበር፤ በባንክ ገንዘብ ቆጥሮ የሚያስረክበው ሠራተኛ «ቴለር» መባሉ የዚያ ቅሪት ነው። ግሡ ወደ መንገር ትርጉም ከተሻገረም በኋላ የማስረከብን ጠባይ አልለቀቀም፤ ስለዚህ ንግግር ሲያስተላልፍ ነገሩ የተነገረውን ሰው መጥቀስ ግድ ይሆናል። «አንሰር» ደግሞ ለቀረበ ክስ ምሎ መከላከያ ማቅረብን ከሚያመለክት ቃል የመጣ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የመኳንንቱና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1362 የወጣው ሕግ የፍርድ ቤት ክርክር በእንግሊዝኛ እንዲካሄድ ቢያዝዝም፣ በፈረንሳይኛና በላቲን በኩል የገቡት የክርክር ቃላት ከቋንቋው አልወጡም። «ክሌይም» መጮኽ ከሚል የላቲን ቃል ተነሥቶ መብትን መጠየቅ ማለት ሆነ፤ ዛሬም ንግግሩ ገና ማስረጃ የሚያስፈልገው አቤቱታ መሆኑን ያሳስባል። «አድሚት» ወደ ውስጥ ማስገባት ማለት ነበር፤ ንግግር ሲያስተላልፍ ተናጋሪው የማይወደውን እውነት ለመቀበል መገደዱን ያመለክታል። «አሌጅ» ደግሞ ክሱ ገና አለመረጋገጡን ያስታውቃል። እነዚህን ግሦች የሚጠቀም ሰው ባያስበውም እንኳ ተናጋሪውን ከሳሽ ወይም ተከሳሽ አድርጎ በችሎት ፊት ያቆመዋል።

ከምክር ቤት ዘገባ እስከ ዘመናዊ ጥናት

የንግግር ዘገባ ከፍተኛ የሕዝብ ጉዳይ የሆነው በ18ኛው ምእተ ዓመት ነው። የእንግሊዝ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1738 ክርክሮቹ እንዳይታተሙ በውሳኔ ከለከለ። በ1740ዎቹ መጀመሪያ ሳሙኤል ጆንሰን ክርክሮቹን በምናባዊት አገር ምክር ቤት የተደረጉ አስመስሎ በመጽሔት ያወጣ ነበር። አብዛኞቹን ክርክሮች ራሱ አልሰማም፤ ሌሎች ያመጡለትን ማስታወሻ እያየ ንግግሮቹን ግን በራሱ ብዕር ያዋቅራቸው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1771 ወዲህ የጋዜጦች ዘገባ በተግባር ሊታገድ ስላልቻለ፣ የተናጋሪውን ቃል በሦስተኛ መደብና በኃላፊ ጊዜ አሳጥሮ ማቅረብ የዘጋቢዎች ሙያ ሆኖ ተስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ1909 ምክር ቤቱ ዘገባውን በራሱ ሠራተኞች ማዘጋጀት ሲጀምር የተናጋሪው ቃል በአንደኛ መደብ በሙሉ እንዲጻፍ ተደረገ። አሳጥሮ የሚያስተላልፍ ሰው ፍርድ መስጠቱ እንደማይቀር ይህ ታሪክ በግልጽ ያሳያል።

የቋንቋ ሊቃውንትም ጉዳዩን በጥናት አብራርተውታል። ፖል ኪፓርስኪና ካሮል ኪፓርስኪ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ አንዳንድ ግሦች የሚከተላቸውን ሐሳብ እውነት ነው ብለው እንደሚነሡ፣ ሌሎቹ ግን እንዲህ ያለ ዋስትና እንደማይሰጡ አመልክተዋል። ጄፍ ቶምሰንና ዬ ዪዩን እ.ኤ.አ. በ1991 በሳይንሳዊ ጽሑፎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ግሡ የተጠቃሹን ደራሲ አቋም ብቻ ሳይሆን የጠቃሹንም አቋም እንደሚገልጽ አሳይተዋል።

ይህን በአንድ ምሳሌ መመልከት ይቻላል። አንድ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር «መጻሕፍቱ በወቅቱ አልደረሱም» ብሏል እንበል። ጸሐፊው «ሴይ» ቢል ቃሉን ብቻ ያስተላልፋል። «ክሌይም» ቢል ነገሩ ያጠራጥራል ማለቱ ነው። «አድሚት» ቢል ጥፋቱ የርእሰ መምህሩ ነው ወደሚል ስሜት ይመራል። «ፖይንት አውት» ቢል ደግሞ የመጻሕፍቱ አለመድረስ የተረጋገጠ መሆኑን ራሱ ይመሰክራል። ርእሰ መምህሩ የተናገረው አንድ ቃል ሲሆን፣ ዘገባው የሚደርሳቸው የወረዳ ኃላፊዎች ግን አራት የተለያዩ ጉዳዮች ያነባሉ።

የአማርኛ ተናጋሪው ተማሪ ችግር

አማርኛ የሰውን ቃል በአብዛኛው እንደተነገረ ጠብቆ በመጨረሻው «አለ» ብሎ ይዘጋዋል። «እመጣለሁ አለ» በሚለው ዐረፍተ ነገር የተናጋሪው አንደኛ መደብ አይለወጥም። «መልሶም እንዲህ አለ» የሚለው የመጻሕፍት አነጋገርም ድርጊቱን በአንድ ግሥ፣ ንግግሩን በሌላ ግሥ ለይቶ ያቀርባል። የተማሪው ችግር የሚመጣው ከ«አለ» ወጥቶ ሌላ ግሥ ሲፈልግ ነው። «አመነ» በአማርኛ እምነትንም የእምነት ቃል መስጠትንም ስለሚያመለክት፣ ተማሪው «አድሚት» በሚያስፈልግበት ቦታ «ቢሊቭ» ይጽፋል። «ገለጸ» በዜና አነጋገር ተናገረ ከማለት ብዙ አይርቅም፤ ተማሪው ግን ዘወትር «ኤክስፕሌይን» ብሎ ስለሚተረጉመው ተራውን አስተያየት የአንድ ነገር ምክንያት ወይም ማብራሪያ ያስመስለዋል።

ጉዳዩ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ የሚወሰን አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ስለ ወሰነ፣ ተማሪው ታሪክንም የሚጽፈው በእነዚሁ ግሦች ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ በአማርኛ የላኩትን ደብዳቤ ለአብነት መውሰድ ይቻላል። በደብዳቤው ወዳጅነትን መፈለጋቸውን ገልጸዋል፤ ስለ ቱርኮች አቤት ብለዋል፤ መልእክተኞቻቸውም በደኅና የሚደርሱበትን መንገድ ጠይቀዋል። ደብዳቤው በወቅቱ መልስ አላገኘም፤ እ.ኤ.አ. በ1864 የእንግሊዝ ቆንስል ካሜሮን ታሰሩ፤ ነገሩም እ.ኤ.አ. በ1868 በመቅደላው ጦርነት ተፈጸመ። ተማሪው ንጉሡ ጠየቁ ለማለት «አስክ» ወይም «ሪኩዌስት» ቢጽፍ ከደብዳቤው መንፈስ አይርቅም። «ዲማንድ» ቢጽፍ ግን አንባቢው ደብዳቤውን እንደ ማስገደጃ፣ መልሱ መዘግየቱንም እንደ ተገቢ እርምጃ ሊቈጥረው ይችላል። «ዲማንድ» በመጣበት በፈረንሳይኛ መጠየቅ ማለት ብቻ ሆኖ ሳለ፣ በእንግሊዝኛ በግድ ወይም በመብት መጠየቅን ወደ ማመልከት ማለፉን የማያውቅ ተማሪ ይህን ስሕተት በቀላሉ ይፈጽማል።

ለመምህራንና ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገሮች ሊታሰቡ ይገባል። አንደኛ፣ «ሴይ» የድሃ ግሥ ሆኖ መታየቱ መቅረት አለበት፤ የተናጋሪውን ሐሳብ ማረጋገጥም መጠራጠርም በማያስፈልግበት ጊዜ ትክክለኛው ምርጫ እርሱ ነው፤ ቢደጋገምም ነውር የለበትም። ሁለተኛ፣ ግሦቹ በዝርዝር ሳይሆን በሚሰጡት ፍርድ ተመድበው ቢቀርቡ ይሻላል፤ ይኸውም ቃሉን ብቻ የሚያስተላልፉ፣ እውነትነቱን የሚቀበሉ፣ የሚያጠራጥሩና የተናጋሪውን ሁኔታ የሚያመለክቱ ተብለው ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ተማሪው ግሥ ከመምረጡ በፊት ማን ተናገረ፣ ለማን ተናገረ፣ ማስረጃውስ ምንድን ነው ብሎ እንዲጠይቅ መልመጃዎቹ ሊያስገድዱት ይገባል። የእንግሊዝኛና የታሪክ መምህራን አንድን ሰነድ በጋራ መርጠው ቢያሠሩ ሥራው በሁለቱም ትምህርቶች ፍሬ ይሰጣል።

ዛሬ በክፍል ውስጥ ዐረፍተ ነገር የሚለውጠው ተማሪ ነገ ቃለ ጉባኤ ይይዛል፤ የምስክርን ቃል ይጽፋል፤ የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ያዘጋጃል። በዚያን ጊዜ ባለቃሉ ከፊቱ ላይኖር፣ የተጻፈበትንም ለማረም ዕድል ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ የሌላውን ሰው ቃል ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ማስተላለፍ ከሰዋስው ሕግ ባሻገር የታማኝነት ትምህርት ሆኖ ሊሰጥ ይገባዋል።