ከኩራዝ እስከ ጄት፦ የኬሮሲን ስምና ዕጣ

ከሺህ ዓመት በፊት የኖረው የፋርስ ሐኪም አል-ራዚ፣ ጥቁሩ ናፍጣ ተፍልቶ እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ እርሱ «ነጭ ናፍጣ» ያለው፣ የዛሬው ኬሮሲን ዓይነት ፈሳሽ እንደሚገኝ ጽፎ አልፏል። ብልሃቱ አረቄ አውጪ እናቶቻችን ከሚያውቁት የራቀ አይደለም። ሆኖም ዕውቀቱ ለብዙ ዘመን ከጥቂት ጠቢባን እጅ ሳይወጣ ኖረ፤ ዓለም ሌሊቱን የሚገፋው በሰም፣ በሞራና በዘይት ነበር። እኛም ጧፍ ነበረን። ጧፉ ግን ይበልጡን የቤተ ክርስቲያንና የመኳንንት ቤት ነበር፤ የገበሬው ብርሃን ምድጃው ነው፤ እሳቱ ሲዳፈን ቀኑም አበቃ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1846 ካናዳዊው ሐኪምና የሥነ ምድር ሊቅ አብርሃም ጌስነር ከድንጋይ ከሰል ያወጣውን የመብራት ዘይት ለሕዝብ አሳየ። ስም ሲያወጣለት ሰም የሚለውን የግሪክ ቃል ወሰደ፤ መጨረሻውን ደግሞ በዘመኑ ከተለመደው «ካምፊን» ከተባለው የመብራት ፈሳሽ ጋር አስማማው። «ኬሮሲን» ተባለ። ቃሉ መጀመሪያ የተመዘገበ የንግድ ምልክት ነበር፤ ሕዝቡ ግን ተመሳሳይ ዘይት ሁሉ ይጠራበት ጀመር፤ ባለቤቱም ሊያስጥለው አልቻለም። ብዙ አሜሪካውያን ዘይቱ ከከርሰ ምድር ድፍድፍ መውጣት ከጀመረም በኋላ «የከሰል ዘይት» ማለቱን አልተዉም።

ብሪታንያ በሌላ መንገድ ሄደች። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ያንግ በ1850 ባስመዘገበው ፈጠራ የተነሳ ያው ፈሳሽ እዚያ «ፓራፊን» ሆነ፤ ደቡብ አፍሪካና ኬንያም ይህንኑ ወረሱ። አሜሪካ ውስጥ ፓራፊን ቢሉ የሚመጣው ሰም ነው። በእንግሊዝ ፋርማሲ ደግሞ «ፈሳሽ ፓራፊን» የሆድ ድርቀት መድኃኒት ነው፤ አንዱን በሌላው መሳት ቀላል ነገር አይደለም።

በ1859 በፔንሲልቬንያ፣ ታይተስቪል የድፍድፍ ዘይት ጉድጓድ ሲቆፈር ኬሮሲን ረከሰ፤ ድሀውም ማታ ማንበብ ቻለ። ብዙ ያልተነገረለት ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ድፍድፉ ሲጣራ ኬሮሲን ብቻ አይወጣም፤ ቤንዚንም ይወጣል። መኪና ባልነበረበት ዘመን ቤንዚን ፈላጊ ስላልነበረው ወንዝ ውስጥ ይደፋ ነበር። አንዳንዱ አጣሪ ግን ከሚደፋው ይልቅ ኬሮሲኑ ውስጥ ቢያስቀረው ትርፍ አየበት። ገዢው ልዩነቱን በዓይኑ አይለይም። ማታ ፋኖሱን ሲለኩስ እንፋሎቱ እሳት ያነሳና መብራቱ ይፈነዳል፤ የሚቃጠሉትም ርካሹን የገዙ እናቶችና ልጆች ነበሩ። አሜሪካዊው የዘይት ከበርቴ ሮክፌለር በ1870 ኩባንያውን «ስታንዳርድ» ብሎ የሰየመው ዘይቴ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፣ አይፈነዳም ብሎ ለማሳመን ነበር። ብሪታንያ በ1879 የኬሚስቱን የፍሬድሪክ አቤልን መለኪያ ሕግ አደረገች፤ ዘይቱ በተዘጋ ትንሽ ጽዋ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ነበልባል ይጠጋለታል፣ እንፋሎቱ ብልጭ የሚልበት ሙቀት ይመዘገባል። ሙቀቱ ዝቅ ካለ ዘይቱ ለቤት አይሆንም። ይህች ጽዋ የስንቱን ቤት እንዳተረፈች ማን ቆጥሮ ይዘልቀዋል?

በ1892 «ሙሬክስ» የተባለችው መርከብ ኬሮሲን ጭና ከባቱሚ ተነሳችና በሱዌዝ ቦይ በኩል ቀይ ባሕርን አቋርጣ ወደ እስያ ተሻገረች፤ በደጃችን አለፈች ማለት ነው። ዘይቱ በየሀገሩ በአራት ማዕዘን ጣሳ ይሸጥ ነበር። ዘይቱ ሲያልቅ ጣሳው ውኃ መቅጃ፣ እህል መስፈሪያና የጣሪያ መጠገኛ ይሆናል።

እኛ ላምባ ወይም ነጭ ጋዝ አልነው። ኩራዙን ያላየ የገጠር ልጅ ጥቂት ነው፤ ከባዶ ብልቃጥ ወይም ከትንሽ ጣሳ ይሠራል፣ ክዳኑ በሚስማር ይበሳል፣ ከአሮጌ ነጠላ የተገመደ ክር ይገባበታል። ክሩ ሲረዝም ይጨሳል፣ ሲያጥር ይደበዝዛል፤ ጠዋት አፍንጫ ሲጠረግ ጥላሸት ይወጣል። ላምባው ከሱቅ በጠርሙስ ተሰፍሮ ይመጣል፤ የፈተና ሰሞን ያለቀ እንደሆነ ጥናቱም አብሮ ይቆማል። ከዚህች ጭስ ፊት የስንቱ ሐኪምና መምህር ትምህርት እንዳለፈ የምናውቅ እናውቀዋለን።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1962 ቦይንግ 720 ጄቶቹን ሲያስገባ፣ ከኩራዙ ፈሳሽ ጋር አንድ ዘር የሆነው ነዳጅ በዚያው ልጅ ራስ ላይ ይበር ጀመር። የጄት ነዳጅ የጠራ ኬሮሲን ነው። ሰዎችን ወደ ጨረቃ ያስወነጨፈው ሳተርን 5 ሮኬትም በመጀመሪያው ደረጃው ከ700 ሺህ ሊትር በላይ ኬሮሲን ይጭን ነበር። ለኩራዙ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1967 የተከፈተው የአሰብ ማጣሪያ እስኪዘጋ ድረስ ላምባ ያወጣልን ነበር።

ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ የድሮው ተንኮል ተገልብጦ ተመለሰ። በዚህኛው ዙር ርካሹ ኬሮሲን፣ ውዱ ናፍጣ ሆነ። ለድሀው መብራት ተብሎ ዋጋው ዝቅ የተደረገለት ላምባ የጭነት መኪና ናፍጣ ውስጥ ይቀላቀል ጀመር። ኬንያ በ2018 ይህን ለማስቆም በእያንዳንዱ ሊትር ኬሮሲን ላይ 18 ሽልንግ ጣለች። በእኛም ሀገር መንግሥት በሚያወጣው የዋጋ ዝርዝር ላይ ነጭ ናፍጣና ኬሮሲን ብዙ ጊዜ እኩል የሚቀመጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እርምጃው የሚያስኬድ ቢሆንም ሸክሙ ያረፈው፣ እንደ ድሮው ሁሉ፣ ፋኖስ ባለው ቤት ላይ ነው፤ ቀላቃዩ ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ። በፀሐይ ኃይል የሚሠራ አምፖል የደረሰው ቤት ተገላግሏል፤ ያልደረሰው ላምባውን በናፍጣ ዋጋ ይገዛል።

የኬሮሲን ታሪክ ሦስተኛ ምዕራፍ ደግሞ ተጀምሯል። የአውሮፓ ኅብረት ከኤርፖርቶቹ የሚነሱ አውሮፕላኖች ከሚቀዱት ነዳጅ 2 በመቶው ከ2025 ጀምሮ፣ በ2030 6 በመቶው፣ በ2050 ደግሞ 70 በመቶው ከድፍድፍ ያልወጣ እንዲሆን ደንግጓል። ከፍራንክፈርት ወደ ቦሌ የሚነሳው የእኛ አውሮፕላንም በዚሁ ሥር ነው። የአዲሱ ነዳጅ ዋና ግብዓት ያገለገለ የምግብ ዘይት ነው፤ ዋጋውም ከተለመደው ነዳጅ እጅግ ይበልጣል። ገና ከጅምሩ ያልተነካ የፓልም ዘይት «ያገለገለ» እየተባለ ይሸጣል የሚል ጥርጣሬ በአውሮፓ ተነስቷል። ማጭበርበሩን ለመለየት የአቤል ጽዋ እዚህ አትበቃም፤ ዘይቱ ከተነሳበት ወጥ ቤት እስከ ማጣሪያው ድረስ ሰነዱን ደረጃ በደረጃ የሚከተል ተቆጣጣሪ ያስፈልጋል።