ንጉሥ የሌለበት ጨዋታ

የእህቴ ልጅ ኮምፒዩተር ላይ ያደገ ነው። ባለፈው ሰሞን ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ አንድ ጨዋታ ሊሠራ ተነሣ። ብዙ ሰው በኢንተርኔት እየተገናኘ አንዱ ገበሬ፣ አንዱ ነጋዴ፣ አንዱ ወታደር ሆኖ የሚኖርበት ምናባዊ አገር ነው።

«ጋሼ፣ መንግሥቱን የሚያቋቁሙት ራሳቸው ተጫዋቾቹ ናቸው። ንጉሡን በድምፅ ይመርጣሉ፣ ሕግ ያወጣሉ፤ በቃ!» አለኝ።

«ንጉሡ አልወርድም ቢልስ?»

ትንሽ አሰበና «እሱንማ እኛ ከሰርቨሩ ላይ እንሰርዘዋለን» አለ።

ነገሩ ያለው እዚህች መልስ ላይ ነው። በድምፅ የተመረጠው ንጉሥ ለካ ንጉሥ አይደለም። ንጉሡ የሰርቨሩን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ የያዘው የእህቴ ልጅ ነው።

ይህ ጣጣ ከእሱ በፊትም ሌሎችን ገጥሟል። በ1983 ዓ.ም ፓቬል ከርቲስ የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ባለሙያ፣ በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማእከል ሳለ፣ ላምዳሙ የሚባል ምናባዊ መንደር ከፈተ። ሥዕል የለው፣ ድምፅ የለው፤ ቤቱም ሰዉም ወሬውም በጽሑፍ ነው። ሙሉ ሥልጣን የነበራቸው ጥቂት ባለሙያዎች «አስማተኞች» ይባሉ ነበር። ሰው ያስገባሉ፣ ሰው ያባርራሉ። ጠብ በተነሣ ቁጥር ታዲያ ሁሉም ወደ እነሱ ይጮኻል። መቼም የሰው ነገር አያልቅም፤ ሰለቻቸው። በ1985 ዓ.ም ከርቲስ፣ ከእንግዲህ አስማተኞቹ ማሽኑን ከመጠበቅ በቀር በነዋሪው ጉዳይ እንደማይገቡ አስታወቀ። በሌላ አነጋገር፣ «ራሳችሁን ግዙ» አለ።

ጥቂት ወራት እንኳ አልቆየም። ሚስተር ባንግል የሚባል ገጸ ባሕርይ ብቅ አለና፣ በሠራው ተንኮለኛ ፕሮግራም ሌሎች ተጫዋቾች ያላደረጉትን ነውር እንዳደረጉ እያስመሰለ በአደባባይ አዋረዳቸው። ነዋሪው ተሰብስቦ ተከራከረ። አንዱ ይባረር ይላል፣ ሌላው በየትኛው ሕግ ይላል። ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነ። ከዚያ በኋላ አንድ አስማተኛ ብቻውን ወስኖ ባንግልን ሰረዘው። ከርቲስም ፊርማ የሚሰበሰብበትና ድምፅ የሚሰጥበት ሥርዓት ዘረጋ። ይሁን እንጂ በ1988 ዓ.ም አስማተኞቹ በነዋሪው ጉዳይ እንደገና እንደሚገቡ ተናገሩ። ቁልፉን የያዘ ሰው «እኔ ቴክኒክ ብቻ ነኝ» ቢል ውሸት መሆኑን ተረድተው ነበር።

ከዚያ ወዲህም ነገሩ ብዙ አልተለወጠም። ኢቭ ኦንላይን የተባለውን የጠፈር ጨዋታ የሚያስተዳድረው የአይስላንድ ኩባንያ በ2000 ዓ.ም ተጫዋቾቹ ዘጠኝ ተወካዮች እንዲመርጡ አደረገ። ተወካዮቹ አይስላንድ ድረስ ተጠርተው ከሠሪዎቹ ጋር ተነጋገሩ። ምክራቸው ይሰማል፤ ቁልፉ ግን ኩባንያው ዘንድ ነው።

ለመሆኑ ቁልፉን ማንም ሳይይዘው መተዳደር ይቻላል? እስቲ ለዚህ ጥያቄ ከአሜሪካ ወደ ደቡብ ኦሞ እንምጣ። ላምዳሙ በባንግል ጉዳይ በሚታመስበት በዚያው በ1985 ዓ.ም፣ ከቱርሚ ወደ ወይጦ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በአርቦሬ ምድር ሌላ ጉባኤ ተቀምጦ ነበር። አርቦሬዎች ጎረቤቶቻቸውን ጠሩ። ከቦረና፣ ከጸማይ፣ ከሐመር፣ ከዳሰነች ሽማግሌዎች መጡ። ሲጋደሉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። በመጨረሻ ጦር ቀበሩ፤ አይቮ ስትሬከር የተባለው ጀርመናዊ የባሕል አጥኚም ሥነ ሥርዓቱን በፊልም አስቀርቶታል። እዚያ ጉባኤ ላይ ከሁሉም በላይ ሆኖ እምቢ ያለውን ከምድር ላይ የሚሰርዝ አስማተኛ አልነበረም። የነበረው ንግግርና ምርቃት ነው።

የሰኞ ገበያዋ የሚታወቀው ቱርሚ ያለችው በሐመሮች አገር ነው። ዛሬ ቱሪስት የሚያውቃት በከብት ዝላዩ ነው እንጂ ስለ አገዛዟ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ስትሬከርና ባለቤቱ ጂን ሊዳል ለረጅም ዘመን ከሐመሮች ጋር ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ሥራ ባልዳምቤ የተባለ ሐመር ስለ ሕዝቡ ሥርዓት በራሱ አንደበት እንዲናገር አድርገዋል። ከእነሱ ጥናት የምንረዳው አንድ ትልቅ ነገር፣ ሐመር ሥልጣንን በአንድ ሰው እጅ አያስቀምጥም።

ቢታ የሚባሉ አሉ፤ ለአገሩ ዝናብን፣ ለከብቱ ደኅንነትን ይለምናሉ፣ ይመርቃሉ። ግን አያዝዙም። አዮ የሚባል ቃል አቀባይ አለ፤ አንደበቱ የተባ ስለሆነ ሽማግሌዎች የመረጡት ነው። ጦሩን ይዞ ወዲያና ወዲህ እየተራመደ ይናገራል። ግን የሚናገረው ሰው እስከ ሰማው ድረስ ነው፤ ካልተሰማ ወታደር የለውም። ዛርሲ የሚባለው በየአካባቢው ያሉ ባለትዳር ወንዶች ጉባኤ ነው፤ ጥፋተኛን ይቀጣል። ግን እሱም ተስማምቶ ነው። አንዱ በረከቱን ይዟል፣ አንዱ ቃሉን፣ አንዱ ቅጣቱን። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብለን ላደግን ለእኛ ለደገኞቹ ይህ ሥርዓት አልበኝነት ሊመስለን ይችላል።

መስሎንም ነበር። በምኒልክ ዘመን ነፍጥ የያዘው መንግሥት ወደዚያ ሲወርድ መጀመሪያ የፈለገው የሚያነጋግረው አለቃ ነው። አለቃ ሲጠፋ አለቃ ተፈጠረ፤ ባላባት ተሾመ። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር መጣ፤ ከ1983 ዓ.ም በኋላ የቀበሌ ሹም ተተካ። ስሙ ይለዋወጥ እንጂ ሥራው አንድ ነው፤ ቃሉንም ቅጣቱንም ለአንድ ሰው ሰጥቶ፣ ቁልፉን ለላይኛው ማቆየት።

ታዲያ ሐመር ጀነት ነበር ልል አይደለም። እንዲህ የሚጽፉ አሉ፤ እኔ አልጽፍም። ሁሉም እኩል የሚናገርበት የተባለው ያ ጉባኤ የወንዶች ጉባኤ ነው። የሐመር ሴት በቤቷና በማሳዋ ብርቱ ናት፤ ሊዳል ይህን አሳይታናለች። ጦር ተይዞ በሚነገርበት አደባባይ ግን ተናጋሪዋ እሷ አይደለችም። በ2007 ዓ.ም በሐመር ከመንግሥት የፀጥታ ኃይል ጋር ደም ያፈሰሰ ግጭት በተነሣ ጊዜ፣ ከግጦሹና ከማጎ ፓርክ ጉዳይ ጋር የጠቡ ምክንያት ከነበሩት አንዱ የልጃገረዶች ትምህርት ነው። ወረዳው ስለ እነሱ ተናገረ፤ አባቶቻቸው ስለ እነሱ ተናገሩ። ቁልፉን ከያዘው መንግሥት ጋር ቁልፍ የማያውቀው ጉባኤ ተጋጨ። ልጃገረዶቹ ግን ከሁለቱም ደጅ ውጭ ነበሩ።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው። ሥልጣንን መከፋፈል አንድ ነገር ነው፤ በስብሰባው ላይ ማን እንደሚቀመጥ መወሰን ሌላ ነገር ነው። ሐመሮች የመጀመሪያውን ከእኛ በተሻለ ያውቁበታል። ሁለተኛውን ግን እነሱም፣ እኛም፣ የላምዳሙ አስማተኞችም በቅጡ አልፈታነውም። የባንግልን ነገር የከፋ ያደረገው ነዋሪው ሲከራከር የተዋረዱት ሰዎች ጉዳይ የሕግ ጨዋታ ወደ መሆን መዞሩ ነው።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ አወራሁለት። በትዕግሥት ሰማኝ፤ ጥሩ ልጅ ነው።

«እሺ ጋሼ፣ ታዲያ ንጉሡን ልተወው?»

«ንጉሡን ተወውም አትተወውም፤ መጀመሪያ ሁለት ነገር ጻፍ። አንደኛ፣ ቁልፉ አንተ ጋ መሆኑን ለተጫዋቾችህ በግልጽ ንገራቸው፤ መቼ እንደምትጠቀምበትም አስቀድመህ አስታውቅ። ሁለተኛ፣ ጉባኤው ውስጥ የማይገባው ማን እንደሆነ ጠይቅ።»

ወረቀት አወጣና ጻፈ። ቀና ብሎ አየኝና፣ «ጋሼ፣ እኛ ጨዋታውን የምንሠራው አምስት ወንዶች ነን» አለ።

ወረቀቱን አላጠፈውም። ከሥሩ መስመር አሰመረና ባዶ ተወው።