የ400 ሜትር ተስፋ፦ የታንዛኒያ ገጠር ውሃ ታሪክ

በምሥራቅ አፍሪካ ስለ ገጠር ውሃ የሚጻፈው ታሪክ ብዙውን ጊዜ የተቆፈሩ ጉድጓዶችንና የተዘረጉ ቧንቧዎችን ይቈጥራል። ይሁንና ታሪኩ ይበልጥ የሚገባን፣ አንድ ቤተሰብ በቀን ስንት ሊትር ውሃ እንደሚያገኝ፣ ማን እንደሚቀዳውና ምን ያህል ርቆ እንደሚቀዳው ስንጠይቅ ነው።

ይህን ጥያቄ በስፋት ካነሡት ጥናቶች አንዱ፣ የጂኦግራፊ ሊቁ ጊልበርት ዋይት፣ ሐኪሙ ዴቪድ ብራድሊና አን ዋይት እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳተሙት «ውሃ ቀጂዎች» የተሰኘው መጽሐፍ ነው (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው)። አጥኚዎቹ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ 34 ሥፍራዎችን መርጠው የየቤቱን የውሃ ፍጆታ መዘገቡ። ቧንቧ በገባባቸው ቤቶች አንድ ሰው በቀን በአማካይ 128 ሊትር ሲጠቀም፣ ባልገባባቸው ግን ድርሻው 10 ሊትር ገደማ ነበር።

ብራድሊ ከውሃ ጋር የተያያዙ በሽታዎችን በአራት መደባቸው። እነርሱም የተበከለ ውሃ በመጠጣት የሚመጡ፣ ለምሳሌ ኮሌራ፤ መታጠቢያ ውሃ በማነሱ የሚስፋፉ፣ ለምሳሌ ትራኮማና እከክ፤ በውሃ ውስጥ በሚኖሩ ፍጥረታት አማካይነት የሚተላለፉ፣ ለምሳሌ ቢልሃርዚያ፤ እንዲሁም በውሃ ውስጥ በሚራቡ ወይም በውሃ አጠገብ በሚነክሱ ነፍሳት የሚተላለፉ፣ ለምሳሌ ወባ ናቸው። ከዚህ የምንረዳው የውሃው ንጽሕና ብቻውን በቂ አለመሆኑን ነው። ከሩቅ በጀርባ የሚመጣ ንጹሕ ውሃ ለመጠጥና ለወጥ ይበቃ ይሆናል እንጂ ለልጆች ፊትና ለልብስ አይተርፍም።

ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. በ1971 የ20 ዓመት የገጠር ውሃ ፕሮግራም ስታወጣ ርቀትን መለኪያ አደረገች። ግቡ እስከ 1991 ድረስ እያንዳንዱ የገጠር ነዋሪ ከቤቱ በ400 ሜትር ክልል ውስጥ ንጹሕ ውሃ እንዲያገኝ ነበር። ስዊድን በሐይቁ አካባቢ፣ ፊንላንድ በምትዋራና በሊንዲ፣ ዴንማርክ በኢሪንጋ፣ በምቤያና በሩቩማ ክፍላተ ሀገር ሥራውን ረዱ። ውሃው ለገጠሩ ሕዝብ በነፃ ይቀርብ ነበር።

ይሁን እንጂ ግቡ በቀነ ገደቡ አልተደረሰም። እ.ኤ.አ. በ1973 እና በ1979 የነዳጅ ዋጋ ናረ፤ በ1978 እና 1979 ከኢዲ አሚን ጦር ጋር የተደረገው ጦርነትም የሀገሪቱን ገንዘብ በላ። ናፍጣና መለዋወጫ ሲጠፋ ብዙ ሞተሮች ቆሙ። ሠሪውም አስጠጋኙም መንግሥት ስለነበር፣ የመንደሩ ሰው የተበላሸውን ፓምፕ ለመጠገን ሥልጣንም ገንዘብም አልነበረውም። ቦኖው ሲደርቅ እናቶችና ልጃገረዶች ወደ ድሮው ኩሬ ተመለሱ።

ከዚህ ትምህርት በመነሣት የ1991 የውሃ ፖሊሲ የተጠቃሚውን ተሳትፎ አስገባ። በ2002 የወጣው ደግሞ የ400 ሜትሩን ርቀት ይዞ፣ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር፣ ለ250 ሰዎችም አንድ መቅጃ እንዲኖር ሲደነግግ፣ የጥገናውን ወጪ ሕዝቡ እንዲሸፍን አደረገ። መፍትሔው ግን የራሱ ችግር አለበት፤ መክፈል ያቃተው ቤተሰብ አሁንም ወደ ኩሬው ይሄዳልና። በ2019 የገጠር ውሃን የሚመራ ብሔራዊ መሥሪያ ቤት በሕግ መቋቋሙ፣ ሸክሙን በሙሉ ለመንደሩ ብቻ መተው እንደማያዋጣ የሚያሳይ ነው።

መምህራን ይህን ታሪክ ወደ ክፍል ሊያመጡት ይችላሉ። ለምሳሌ፣ አንዲት ተማሪ ውሃ ለመቅዳት በቀን 2 ሰዓት ብታጠፋ በዓመት 730 ሰዓት ይሆናል፤ በቀን 6 ሰዓት ትምህርት ሲታሰብ ከ120 የትምህርት ቀናት በላይ ነው። ተማሪዎች የየቤታቸውን ርቀት፣ ሊትርና ሰዓት መዝግበው ቢያመጡ፣ ሂሳቡንም ታሪኩንም ከራሳቸው ኑሮ ይማሩታል፤ መምህሩም ማን ለምን እንደሚያረፍድ ያውቃል።