ሪዋቀል ጀበርት፦ አዝሀር ውስጥ የኖረ የሀገራችን ስም

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

ከሀገሩ ርቆ የሚሄድ ሰው ዓይኑም ጆሮውም የራሱን ነገር ይፈልጋል። ካይሮ የገባ የኛ ሰው ደግሞ ብዙም ሳይደክም ያገኛል። ከገበያው መሀል አንድ ሱቅ በር ላይ በትልቁ «ቡን» የሚል የዐረብኛ ጽሑፍ ያያል። ግብፆች ፈልቶ የሚጠጣውን «አህዋ» ይሉታል፤ ፍሬው ግን ዛሬም ቡን ነው። ትንሽ ራመድ ብሎ ዓባይ ወንዝ ዳር ቢቆም፣ ያ ውሃ በዋናነት የኛ ተራሮች የክረምት ዝናብ ነው። የወሎው በሽሎ ሳይቀር ወደዚያው ነው የሚገባው። ስለ ቡናው በኋላ እንመለስበታለን። ዛሬ በተለይ ልናወራው የፈለግነው ስለ አንድ የመስጂድ ጥግና ከዚያ ጥግ ስለወጡ ሰዎች ነው።

ከኻን ኸሊሊ ገበያ ወጥቶ፣ የሑሴንን መስጂድ ወደ ኋላ ትቶ፣ ዋናውን መንገድ የተሻገረ ሰው አል-አዝሀር ፊት ይቆማል። ግንባታው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ970 ተጀምሮ በ972 ሶላት የተሰገደበት መስጂድ ነው (በዚህ ጽሑፍ የሂጅራ ካላልን በስተቀር ዓመቶቹ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አዝሀር ለብዙ መቶ ዓመታት ደረሶቹን የሚያሳድረው «ሪዋቅ» በሚባል ሥርዓት ነበር። ሪዋቅ ማለት ከመስጂዱ ምሰሶዎች መሀል ወይም ከጎኑ ላሉ ክፍሎች የተሰጠ ስም ሲሆን፣ እያንዳንዱ የአንድ አገር ወይም አካባቢ ደረሶች የሚሰባሰቡበት ነው። የመግሪቦች ሪዋቅ፣ የሻሞች ሪዋቅ፣ የቱርኮች ሪዋቅ፣ የየመኖች ሪዋቅ፣ ከግብፅ ደቡብ የሚመጡት የሰዒዶች ሪዋቅ፣ ከሩቅ ምሥራቅ ለሚመጡት የጃዋዎች ሪዋቅ ነበረ። እያንዳንዱ የራሱ ሸይኽ፣ የራሱ ኪታቦች፣ ከወቅፍ ገቢ የሚታደል የራሱ የዳቦ ድርሻ ነበረው። የሰፈሩ ሰው እያበላው ኪታብ የቀራ የኛ ደረሳ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ዒልም የሚፈልግ ሰው ሆዱ ካልተቻለለት ሩቅ አይሄድም።

ከነዚህ ሪዋቆች አንዱ «ሪዋቀል ጀበርት» ይባል ነበር። የኛ ሪዋቅ ማለት ነው።

ጀበርት የሚለው ስም ዛሬ በሀገራችን ብዙውን ጊዜ ለትግርኛ ተናጋሪ ሙስሊሞች ነው የሚነገረው። በጥንቱ የዐረብኛ አጠራር ግን ሰፊ ነበር። መጀመሪያ ከዘይላዕ በስተ ኋላ፣ በኢፋት በኩል ያለን አገር ይጠሩበት ነበር፤ ኋላ ላይ በሐበሻ ምድር የሚኖረውን ሙስሊም በሙሉ ወደመጥራት ሰፋ። «ዘይለዒ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ዘይላዕ የባሕር በር ናት፤ ከመሀል አገር የሚመጣው ሐጃጅም ነጋዴም ደረሳም የሚወጣው በእሷ ስለነበር፣ ካይሮ ላይ ብዙዎችን በወደቡ ስም ጠሯቸው። የሶማሊ ወንድሞቻችን «ዘይለዒዎቹ የኛ ናቸው» ሲሉ ስለዚህ ሙግት አንገጥምም። ያኔ ዛሬ የምናውቀው ድንበር አልነበረም፤ ቅፍለቱም ባሕሩም አንድ ነበር።

ፊቅህ የቀራ ሰው «ዘይለዒ እንዲህ አሉ» የሚለውን ሰምቶ ያውቃል። ብዙው ደረሳ ግን ሰውየው ማን እንደሆኑ ሳይጠይቅ ወደሚቀጥለው መስመር ያልፋል። የሁለት ሰዎች ስም ነው። የመጀመሪያው ፈኽሩዲን ዑስማን ኢብኑ ዐሊ አዝ-ዘይለዒ ናቸው። በ705 ሂጅራ ካይሮ ገቡ። አስተማሩ፣ ፈትዋ ሰጡ፤ ከንዙ-ደቃኢቅ በሚባለው የሐነፊ መትን ላይ «ተብዪኑል ሐቃኢቅ» የተሰኘውን ትልቅ ሸርሕ ጻፉ። በ743 ሂጅራ በረመዷን ወር ሞቱ፤ ቀብራቸውም ቀራፋ በሚባለው የካይሮ መካነ መቃብር ነው። ሸርሐቸው ከቱርክ እስከ ህንድ የሐነፊ ሙፍቲዎች የሚመለሱበት ሆነ።

ሁለተኛው የእሳቸው ደረሳ ጀማሉዲን ዐብዱላህ ኢብኑ ዩሱፍ አዝ-ዘይለዒ ናቸው። እኚህ የሐዲሥ ሰው ነበሩ። የሐነፊዎች ትልቁ የፊቅህ ኪታብ «አል-ሂዳያ» በውስጡ ብዙ ሐዲሦችን ያነሳል፤ ግን ማን እንዳወራቸው፣ ሰነዳቸው ሶሒሕ ይሁን ደዒፍ አይናገርም። ጀማሉዲን እያንዳንዱን ሐዲሥ ከየኪታቡ ፈልገው፣ ሰነዱን መዝነው «ነስቡ-ራያ»ን አዘጋጁ። እኛን ከሁሉም በላይ የሚያስገርመን ግን ሚዛናቸው ነው። ሰውየው ራሳቸው ሐነፊ ናቸው። ቢሆንም በየመስአላው የሌላው መዝሀብ ማስረጃ የሆነውን ሐዲሥ ለብቻው እያነሱ፣ ሳይቀንሱ ሳይደብቁ ያስቀምጣሉ። ለመዝሀቤ አይጠቅምም ብለው የዘለሉት ነገር የለም። የሻፊዒዎቹ ታላቅ ዓሊም ኢብኑ ሐጀር ይህን ኪታብ «አድ-ዲራያ» ብለው አሳጥረውታል። ዛሬ በስልክ ስክሪን ላይ በሁለት መስመር ኮሜንት ወንድሙን ከመዝሀብ አልፎ ከዲን የሚያስወጣ ወጣት፣ ከነስቡ-ራያ አንድ ገጽ ቢያነብ መልካም ነበር።

ስለ ጀማሉዲን ሌላም የሚጣፍጥ ነገር አለ። በዚያው ዘመን ካይሮ ውስጥ ዘይኑዲን አል-ዒራቂ የሚባሉ ሌላ የሐዲሥ ሊቅ ነበሩ። እሳቸው የኢማም ገዛሊን የኢሕያእ ሐዲሦች ሲያጣሩ፣ የኛው ሰው የሂዳያንና የከሻፍን ሐዲሦች ያጣሩ ነበር። ሁለቱ አብረው ኪታብ እያገላበጡ፣ አንዱ የሌላውን ሐዲሥ ሲያገኝ እያሳየ ይረዳዱ እንደነበር ኢብኑ ሐጀር ጽፈዋል። አንዱ ቤተሰባቸው ከዒራቅ፣ ሌላው ከዘይላዕ በኩል፤ መዝሀባቸውም ለየቅል። ጀማሉዲን በ762 ሂጅራ ሙሐረም ወር ካይሮ ላይ ወደ አኺራ ሄዱ፣ ረሒመሁሙላህ።

በዚሁ ዘመን አካባቢ ካይሮ ላይ የነበሩ ሌላ ዘይለዒ ደግሞ የታወቁት ከኪታብ ይልቅ በሀገር ጉዳይ ነው። ፈቂህ ዐብዱላህ አዝ-ዘይለዒ ይባላሉ። የግብፁ ጸሐፊ ኢብኑ ፈድሉላህ አል-ዑመሪ (በ1349 የሞቱት) ስለ ሐበሻ ሙስሊም መንግሥታት ሲጽፉ ሰባቱን፣ ማለትም ኢፋትን፣ ደዋሮን፣ አራባብኒን፣ ሐዲያን፣ ሸርኻን፣ ባሌንና ዳራን የዘረዘሩት ከሳቸው እየጠየቁ ነው። ፈቂሁ ግን ወሬ ነጋሪ ብቻ አልነበሩም። የሐበሻው ንጉሥ መልእክተኛ ካይሮ በገባበት ወቅት ሱልጣኑ ዘንድ ቀርበው ተማጸኑ። ጉዳያቸው ንጉሡ በሙስሊሞቹ አገሮች ላይ ከሚያደርሰው በደል እንዲታቀብ የግብፁ ፓትርያርክ ደብዳቤ እንዲጽፍለት ነበር። ሱልጣኑ አዘዙ፤ ፓትርያርኩም ጻፈ። ብልሃቱን አስተውሉ። የሀገሩ ጳጳስ የሚሾመው ከግብፅ በመሆኑ፣ የሐበሻ ንጉሥ የማንን ቃል እንደሚሰማ ፈቂሁ ያውቁ ነበር። ሰው አገሩ ቢርቅም ያገሩን ነገር የሚያውቀው እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ሪዋቃችን እንመለስ። በ10ኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ማለትም በ1500ዎቹ መግቢያ ላይ፣ ዐብዱረሕማን የሚባሉ ሸይኽ ከጀበርት አገር ተነስተው በጂዳ በኩል መካ ገቡ፤ ከዚያ መዲና ተቀመጡ፤ በመጨረሻም ካይሮ መጥተው ሪዋቀል ጀበርት ገቡ። ኋላም የሪዋቁ ሸይኽ ሆኑ። ኃላፊነቱ ከልጅ ወደ ልጅ እየተላለፈ በቤተሰቡ ውስጥ ቆየ። በ1700ዎቹ ተረኛው ሸይኽ ሐሰን አል-ጀበርቲ ነበሩ።

ሸይኽ ሐሰን የፊቅህ ዓሊም ናቸው። ከዚያ አልፈው ግን ሒሳብ፣ ጂኦሜትሪና የከዋክብት ዒልም የተካኑ ነበሩ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አሕመድ ፓሻ የሚባል የዑስማኒያ ገዥ ግብፅ ገባ። የአዝሀር ዑለማዎች «እንኳን ደህና መጣህ» ሊሉት ሲሄዱ ስለ ሒሳብና ስለ ፈለክ ዒልም ጠየቃቸው። መልስ አጣ። የግብፅን ስም ከሩቅ ሲሰማ ኖሮ ቀርቦ ሲያያት እንዳነሰችበት በግልጽ ተናገረ። የአዝሀሩ ሸይኽ ዐብዱላህ አሽ-ሸብራዊ፣ ይህ ዒልም መሣሪያና ገንዘብ እንደሚፈልግ፣ ደረሶቻቸው ደግሞ አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ድሆች እንደሆኑ አስረዱት። ቀጥለውም «አንድ ሰው ግን አሉ» ብለው የሸይኽ ሐሰንን ስም ነገሩት። ፓሻው «አስጠሯቸው» ቢል፣ በተላላኪ የሚጠሩ ሰው አይደሉም፣ ራስህ ጻፍላቸው አሉት። ጻፈላቸው፤ ሸይኹም ሄዱ። ከዚያ በኋላ ፓሻው በሳምንት ሁለቴ ከሳቸው ጋር የሚቀመጥ ደረሳ ሆነ። በእብነ በረድ ላይ የተቀረጸ የጥላ ሰዓት አዝሀር መስጂድ ውስጥ የተተከለው ከዚያ ትምህርት የተነሳ ነው። ሸይኽ አሽ-ሸብራዊም ሸይኽ ሐሰንን ባገኙ ቁጥር፣ በፓሻው ፊት ገመናችንን ሸፈንክልን እያሉ ዱዓ ያደርጉላቸው ነበር።

የአዝሀርን ገመና የሸፈነው የሪዋቀል ጀበርት ልጅ ነው! ከአውሮፓ የመጡ ተማሪዎች ሳይቀሩ በ1159 ሂጅራ ከሳቸው ጂኦሜትሪ እንደተማሩ ልጃቸው ጽፏል። የካይሮ ገበያ ሚዛን በተዛባ ጊዜም መዝነው ያስተካከሉት እሳቸው ነበሩ። ለነጋዴ ልጆቻችን ይህ የመጨረሻው ሳይጠቅም አይቀርም።

ልጃቸው ማን ነው? በ1753 የተወለደው ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ነው። የግብፅን የዚያ ዘመን ታሪክ ማንም ሰው ያለሱ ሊጽፍ አይችልም። ናፖሊዮን በ1798 ግብፅን ሲወርር፣ ካይሮ ስታምጽ፣ የፈረንሳይ ወታደሮች ፈረሶቻቸውን ይዘው አዝሀር ሲገቡ በዓይኑ አይቶ ጽፏል። ስለ ፈረንሳዮቹ ግፍ ሲጽፍ አልራራላቸውም፤ የመጻሕፍት ቤታቸውንና የዒልም ፍቅራቸውን ሲያይ ደግሞ አልካደም። ኋላ ሙሐመድ ዐሊ ፓሻ ሲነግሥ ሁሉም ሲያወድስ እሱ የሕዝቡን ግብርና መከራ መዘገበ። ዋጋውም ከባድ ነበር። ልጁ ኸሊል በ1822 ተገደለ፤ እሱም ከጥቂት ዓመት በኋላ በሐዘን ሞተ። «ዐጃኢቡል አሣር» የተባለው ታሪኩ በሙሉ ለመታተም እስከ 1879 ጠብቋል።

ይህ ሰው ካይሮ ተወልዶ ካይሮ የሞተ፣ ዐረብኛ የተናገረ፣ ከመጀመሪያው ስደተኛ አያቱ ሰባት ትውልድ የራቀ ነው። የአባቱን የሕይወት ታሪክ ሲጽፍ ግን ብዕሩን ገታ አድርጎ ጀበርት የት እንደሆነች ለአንባቢው ያስረዳል። በሐበሻ ምድር ውስጥ እንዳለች፣ ሰዎቿ ሐነፊና ሻፊዒ እንደሆኑ፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሶላተል ጋኢብ የሰገዱለት ነጃሺ የዚያ ምድር ንጉሥ እንደነበር ይናገራል። ሰዎቿ ለዱንያ የማይጓጉ፣ ሐጅ በእግራቸው የሚሄዱ፣ ለዒልም የሚሰደዱ መሆናቸውን፣ በመካ፣ በመዲናና በአዝሀር ሪዋቅ እንዳላቸውም ያክላል። ያላያትን አገር ነው እንዲህ የገለጻት። ካይሮ የተወለደ ሰው «አል-ቃሂሪ» ቢባል ማንም አይፈርድበትም ነበር፤ እሱ ግን ስሙን አል-ጀበርቲ ብሎ ነው የቋጨው። ዛሬ ሪያድ ወይም ዋሽንግተን የተወለዱ የወገኖቻችን ልጆች «ከየት ናችሁ?» ሲባሉ የሚቸገሩበትን ጥያቄ፣ ይህ ሰው ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ያለምንም ችግር መልሶታል።

የሪዋቁ ኑሮ ዛሬ የለም። የውጭ ደረሶች ከ1950ዎቹ ጀምሮ በተሠራላቸው የተማሪዎች መንደር ነው የሚኖሩት። የኛም ልጆች እዚያ አሉ።

ቡናውን ቃል ገብተናል። አል-ጀዚሪ የሚባሉ ጸሐፊ በ1550ዎቹ ስለ ቡና ባዘጋጁት ኪታብ ውስጥ፣ ቡና ካይሮ ላይ መጀመሪያ የታወቀው በ10ኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ እዚያው አዝሀር፣ የየመኖች ሪዋቅ ውስጥ እንደሆነ ይተርካሉ። ሱፊዮቹ ሌሊት ለዚክር ለመንቃት ይጠጡት ነበር፤ በሰኞና በጁሙዓ ሌሊት። ቡናው በትልቅ ቀይ የሸክላ ዕቃ ይቀርባል፤ አለቃቸው በትንሽ መቅጃ እየቀዳ ከቀኝ ጀምሮ ያዳርሳል፤ እነሱም «ላ ኢላሀ ኢለላህ» እያሉ ይቀበላሉ። ወሎ ውስጥ በቡና ዱዓ ላይ ተቀምጦ ያደገ ሰው፣ «ጀባ» ተባብሎ አቦሉን ቶናውን ጠጥቶ በረካው ላይ «አሚን» ያለ ሰው፣ ይህን ሲያነብ የናቱ ቤት የመጣ ይመስለዋል። አል-ጀዚሪ የጻፉት ዘመን ደግሞ ሸይኽ ዐብዱረሕማን ከጀበርት ተነስተው አዝሀር የገቡበት ያው ዘመን ነው። ቡናችንና ሸይኻችን በአንድ መስጂድ፣ በተቀራረበ ዓመት ነው የደረሱት።

ወሏሁ አዕለም።