የአሰላ ዕድር በሜሪላንድ

ዕድር ጥንታዊ የባላገር ሥርዓት ነው ብለው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን በጭላሎ ግርጌ በአሰላ ተወልጄ ያደግሁ፣ ዛሬም በሜሪላንድ ግዛት በሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር ሰው እንደ መሆኔ መጠን፣ ዕድር ከመነሻው የመጤ ሰው ሥርዓት እንደ ነበረ፣ ባሕር ተሻግሮ ሥር ለመስደድ የቻለውም ስለዚሁ እንደ ሆነ አምናለሁ። በገጠር የሚኖረውን የአርሲ ሰው ጎሳውና ጎረቤቱ ይቀብሩት ነበር። የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ከቲቾ ወደ አሰላ ከተዛወረ ወዲህ ግን ዳኛውና ወታደሩ፣ ነጋዴውና መምህሩ ከየአገሩ ሲሰበሰብ፣ በኋላም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 በስዊድን መንግሥት እርዳታ የተመሠረተው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ሕዝቡ ካዱ የሚለው፣ ሌላ ብዙ ሠራተኛ ስቦ ሲያመጣ፣ የሸዋው ከጉራጌው፣ ጉራጌው ከአርሲው ኦሮሞ ጋር አጥር ለአጥር ተጎራብቶ መኖር ጀመረ፤ ሬሳውን የሚያነሣለት ዘመድ በአጠገቡ የሌለው ሰውም በዛ። ዕድር የዚህን ባይተዋር ሰው ዘመድ ተካ።

በልጅነቴ ጎህ ሳይቀድ የጥሩምባ ድምፅ ሲሰማ አባቴ ጋቢውን ደርቦ ይወጣ ነበር፤ ሟቹ እስላም ይሁን ክርስቲያን የሚጠይቀው ከወጣ በኋላ ነው፣ እርሱም ወደ መስጊድ ወይስ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ ለማወቅ ያህል ብቻ። ድንኳኑና አግዳሚው የጋራ ነበር። ለልቅሶ የሚቀርበውም ንፍሮ ሥጋ የሌለበት ስለ ሆነ ማንንም ከማዕድ አይለይም ነበር።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የተሰደደው ወገን በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 በወጣው የስደተኞች ሕግ፣ ቀጥሎም በዲቪ ዕጣ እየገባ በዋሽንግተንና በአካባቢው ሲበረክት፣ መጀመሪያ ላይ ሰው በሞተ ቁጥር በቤተ ክርስቲያን በር ሰሃን ይዞ ለአስከሬን መላኪያ ገንዘብ መለመን የተለመደ ሆነ። ይህ ሟቹንም ቋሚውንም የሚያዋርድ ነበርና ጥቂት የአሰላና የአካባቢው ልጆች፣ ከሌላም አገር የተወለዱ ጎረቤቶቻችን፣ ተሰብስበን ዕድር አቆምን፤ መተዳደሪያ ደንብ ጻፍን፣ በግዛቱ ሕግ አስመዘገብን፣ የዕድሩን ዳኛ ሊቀ መንበር አልነው። መዋጮው አላስቸገረንም፤ ገንዘቡንማ የመድን ኩባንያም ይከፍለዋል። ያስቸገረን፣ ኋላም ማኅበር ያደረገን፣ መርዶው ነው።

በአገር ቤት እናት ስታርፍ ስልክ የሚደወለው ለልጂቱ ሳይሆን ለዕድሩ ጸሐፊ ነው። ጸሐፊው ሌሊት ሥራ የሚያድረውንና የማያድረውን ለይቶ፣ ቤተ ሰቡን የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ፣ ከሐዘንተኛዋም ጋር የምትግባባ አንዲት ሴት መርጦ ይልካል፤ እነርሱም ወደ ሥራ ሳትወጣ ሊደርሱባት ከንጋቱ 11 ሰዓት በሯን ያንኳኳሉ። በዚያ ሰዓት በሩ የተንኳኳ ሐበሻ ሁሉ ነገሩን ሳይነገረው ያውቀዋል። ሽማግሌው ገና አፉን ሳይከፍት ሴትዮዋ ወገቧን አቅፋ ትይዛታለች፤ ሌላው ደግሞ የግድግዳ ተጋሪ የሆኑትን ጎረቤቶች አንኳኩቶ የሚሰሙት ጩኸት የልቅሶ መሆኑን ያስረዳል፣ ከዚህ ቀደም በአንድ ልቅሶ ቤት ፖሊስ ተጠርቶብን ያውቃልና። ቀጥሎ ለአሠሪዋ ይደወላል። ብዙው መሥሪያ ቤት ለሐዘን የሚፈቅደው ጥቂት ቀን ነው፣ እርሱንም ለወላጅ እንጂ ላሳደገች አክስት አይሰጥም፤ ስለዚህ ሣልስቱ እስኪወጣ ከእርስዋ ጋር የሚሠሩት አባላት ፈረቃዋን ተካፍለው የሚሸፍኑበት ጊዜ አለ።

የዘመኑ ስልክ ይህን ሥርዓት ሊያፈርሰው ተቃርቦ ነበር፤ መርዶ ነጋሪዎቹ ደረጃ ሲወጡ የሟችን ፎቶግራፍ ከነሻማው ፌስቡክ ላይ የሚለጥፍ አይጠፋም። በዚህ ምክንያት መርዶ ሳይነገር የሞት ወሬ ያወጣ አባል ይቀጣል የሚል አንቀጽ ጨመርን፤ ከደንባችን ሁሉ ማንም ሳይከራከር የጸደቀው እርሱ ብቻ ነው። ፍቅረ ቢጽን ከዐውደ ምሕረት በስብከት ስንሰማው የኖርን ነን፤ ዳሩ ግን በባዕድ አገር የጋራ ምግባር ያደረገልን፣ በብርድ ሌሊት ተነሥቶ የሌላውን ሰው በር ማንኳኳት ግዴታ መሆኑ ነው።

ልቅሶ ቤት ፖለቲካ አይነሣም። በአገር ቤት ነገር ተቀያይመው ሰላምታ የተነፋፈጉ ሁለት አባላት የአንዱን ወዳጃቸውን ሳጥን ፊትና ኋላ ሆነው ሲሸከሙ አይቻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ታረቁ ለማለት አልደፍርም፣ ግን በቀጣዩ ልቅሶም ሁለቱም መጡ። የከረረውን ጠብ የሚያበርዱት ሴቶቹ ናቸው። በአርሲ ኦሮሞ ባህል ያገባች ሴት ሲንቄ የሚባለውን በትሯን ይዛ በተጣሉ ሰዎች መካከል ከገባች ጠቡ መቆም አለበት፤ እዚህም ሲንቄ በእሬቻ በዓል ቀን ተይዞ ይታያል፣ በዕድሩ ውስጥ ግን በትሩ ሳይኖር ሥልጣኑ አለ፣ ሦስት እናቶች አንድ ቤት ተያይዘው ከገቡ ባለጠቦቹ ሳይነጋገሩ አያመሹም።

አሁን የያዝነው ጉዳይ እዚህ የተወለዱት ልጆች ነገር ነው። አማርኛውን እምብዛም ስለማያነቡት ደንቡን ወደ እንግሊዝኛ እያስገለበጥን ነው። ከእነርሱ አንዳንዶቹ በወላጆቻቸው መዝገብ ሥር መቆየታቸው ቀርቶ በየራሳቸው ስም እንዲመዘገቡ ጠይቀዋል፤ ጉባኤውም ፈቅዶላቸዋል፣ መዋጮውም የመቅረት ቅጣቱም ከእኛ ጋር እኩል እንዲሆን።