ከነገሌ ጕድጓድ እስከ ኃይሉ መርጊያ አኮርዲዮን

የዘመን ታሪክ ሲጻፍ የጦርና የመንግሥት ነገር ለብቻው፣ የዜማም ነገር ለብቻው ተለይቶ መቀመጡ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱ በአንድ ዘመን አብረው የሚኖሩ ስለ ሆኑ አንዱ ሲናወጥ ሌላው ሳይነካ አይቀርም። ለዚህም በደቡብ ቆላ የምትገኘውን የነገሌ ቦረናን ከተማና የሙዚቃ ባለሙያውን ኃይሉ መርጊያን ምስክር አድርገን እናቀርባለን።

በቦረና ምድር ውሃና ዜማ ከጥንት ጀምሮ የተወዳጁ ናቸው። በዱብሉቅና በሌሎችም ስፍራዎች ቱላ ከሚባሉት ጥልቅ ጕድጓዶች ውሃ የሚቀዱ ሰዎች፣ ከታች እስከ ላይ ተደርድረው ዕቃውን ሲቀባበሉ የእጃቸውን ምት የሚያስተካክሉት በዘፈን ነው። ከብቱም በሥርዓት በየተራው ይጠጣል።

በነገሌ ሰፍሮ የነበረው የጦር ብርጌድ በጥር ወር 1966 ዓ.ም. ያመፀው በዚሁ በውሃ፣ እንዲሁም በምግብ ምክንያት ነበር። የወታደሮቹ የውሃ ፓምፕ በተበላሸ ጊዜ ከመኰንኖቹ ጕድጓድ እንዳይቀዱ ተከለከሉ። ወታደሮቹም ከንጉሠ ነገሥቱ የተላኩትን ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ይዘው፣ እነርሱ የሚበሉትን እንዲበሉ፣ የሚጠጡትንም እንዲጠጡ አደረጓቸው። አመፁ ወደ ሌሎች የጦር ሰፈሮች ተዛመተ፤ የከተማውም ሕዝብ ጥያቄ ታከለበት፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወርደው ደርግ ሥልጣን ያዘ።

ለውጡ የአዲስ አበባን ሌሊት ነካው። ሰዓት እላፊ ስለ ታወጀ በምሽት ክበብ የገባ እንግዳ እስኪነጋ እዚያው የሚቈይበት፣ ባንዱም አብሮት የሚያነጋበት ጊዜ ሆነ። የዘፈን ግጥም በሳንሱር ይመረመር ነበር፤ ግጥም የሌለው ዜማ ግን የሚሰረዝ ቃል አልነበረውም። በዚህ ዘመን በሂልተን ሆቴል ይጫወት የነበረው የዋልያስ ባንድ፣ መሣሪያው የክበብ ባለቤት ሳይሆን የራሱ ስለ ነበረ ከብዙዎቹ ይልቅ ነጻነት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን፣ በአመዛኙ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሸክላ አወጣ። ኦርጋኑን የሚጫወተው ኃይሉ መርጊያ ነበር።

ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ከአባላቱ አንዳንዶቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ኃይሉ ከቀሩት አንዱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን ያለ ባንድና ያለ ድምፃዊ ብቻውን «ሸሞንሟናዬ»ን ቀረጸ። ሐሳቡ አንድ ነበር፤ ይኸውም የአገሩን የቈዩ ዜማዎች በወጣትነቱ በተማረው አኮርዲዮን መጫወት፣ ዙሪያውንም በኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ በሙግ ሲንተሳይዘርና በከበሮ ማሽን ማጀብ ነው። አኮርዲዮን በዚያን ጊዜ ቦታውን ለኦርጋን የለቀቀ የአባቶች መሣሪያ ነበር፤ ማሽኖቹ ደግሞ የዕለቱ ግኝቶች ነበሩ። አምባሰልና ሽለላ በእነዚህ መካከል ሲሰሙ፣ የቃሉን ቦታ ትዝታ ይሞላዋል።

ካሴቱ ጥቂት ጊዜ ተሰምቶ ተረሳ። ኃይሉም በዋሽንግተን አቅራቢያ በሚገኘው የደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ እየነዳ ኖረ፤ መንገደኛ እስኪመጣ ድረስ በመኪናው ውስጥ ኪቦርዱን ይለማመድ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ አሜሪካዊ የካሴት አሳታሚ ባሕር ዳር ላይ ካሴቱን አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አሳተመው። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ ሥራ አቀረበ።

የነገሌ ጕድጓድ አኮርዲዮኑን ወለደ ማለታችን አይደለም። ሥራው የኃይሉ ነው። ነገር ግን ታሪኩ ሁለት ነገር ያስተምረናል። አንደኛ፣ ውሃ የተነፈገ ወታደር ቍጣ መንግሥትን ከማናወጡም በላይ የሙዚቀኛን ሌሊትና መኖሪያ አገር ሊለውጥ መቻሉ ነው። ሁለተኛ፣ ይህ ሥራ ከመጥፋት የዳነው በመዝገብ ቤት ሳይሆን በአንድ ካሴት ዕድል መሆኑ ነው። እንግዲህ በነገሌ፣ በያቤሎና በሞያሌ በየሱቁና በየቤቱ የተቀመጠ ካሴት ቢኖር፣ በቱላዎቹም ዳር የሚዘፈነው ዜማ ሳይቀዳ የቀረ እንደ ሆነ፣ መምህሩ ከተማሪዎቹ ጋር ቢሰበስበው፣ ሹሙም ቦታ ቢሰጠው መልካም ነው። ዕድል ሁልጊዜ አይገኝምና።