23 ጊዜ የጎረሰው ጠመንጃ

እ.ኤ.አ. በጁላይ 1863፣ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ጌቲስበርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ዙሪያ ለሦስት ቀን የተካሄደው ውጊያ ሲያበቃ፣ ሜዳው ላይ የወደቁ ጠመንጃዎች ተለቅመው ተቆጠሩ። 27,574 ሆኑ። ወደ 24,000 የሚጠጉት እንደጎረሱ ነበሩ። እዚህ ድረስ አይገርምም፤ አጉርሶ ሊተኩስ ሲል የተመታ ሰው ጠመንጃው እንደጎረሰ ነው የሚወድቀው። የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። ከነዚህ ግማሽ ያህሉ ሁለት ሁለት ጥይት ጎርሰው ተገኙ። ሩብ ያህሉ ደግሞ ከሦስት እስከ አስር ጥይት፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦባቸው ነበር። አንዱ ጠመንጃ 23 ጎርሶ ነበር!

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው፣ ታሪክ አይደለም። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ሳነብ ያሰብኩት መሣሪያው ምን ቢበላሽ ነው ብዬ ነበር። መሣሪያው ግን ለዘመኑ ጥሩ ነበር። እስቲ ወደያዘው ሰው እንሂድ።

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (1861–1865) የተነሳው የደቡብ ግዛቶች ባርነትን ላለማጣት ሲሉ ከአገሪቱ በመገንጠላቸው ነው። ከደቡቡ ጦር አንዱን ክፍል እንውሰድ፤ በኮሎኔል ዊልያም ኦትስ የሚመራውን 15ኛውን የአላባማ ሬጅመንት። ጁላይ 2 ቀን ገና ሳይነጋ ተነስተው ወደ 40 ኪሎ ሜትር ተጓዙ። በጊዜው የሰልፍ ደንብ አንድ እርምጃ 71 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ አካፍሉት፣ ከ56,000 እርምጃ በላይ ይመጣል። ያውም በበጋ ፀሐይ፣ ከአራት ኪሎ በላይ የሚመዝን ጠመንጃና 40 ጥይት ተሸክመው።

ከሰዓት በኋላ ሲደርሱ ኮዳቸው ባዶ ነበር። ኦትስ ከየሻምበሉ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ 22 ሰው መርጦ የሁሉንም ኮዳ አሸክሞ ውሃ እንዲቀዱ ላካቸው። እነሱ ሳይመለሱ የማጥቃት ትእዛዝ መጣ። ሬጅመንቱ ያለ ውሃ ወደፊት ሄደ። ውሃ ቀጂዎቹ ኮዳውን ሞልተው ሲከተሉ መንገድ ስተው ጠላት እጅ ገቡ፣ ከነውሃው።

ሌሎቹ መጀመሪያ አንድ ቀጥ ያለ ተራራ ወጡ፤ በሙቀቱ ተዝለፍልፈው የወደቁ ነበሩ። ከዚያ ወርደው ሊትል ራውንድ ቶፕ የሚባለውን ኮረብታ ማጥቃት ጀመሩ። እዚያ የጠበቃቸው 20ኛው የሜይን ሬጅመንት ነው፤ አዛዡ ጆሹዋ ቻምበርሌን ከጦርነቱ በፊት የኮሌጅ መምህር ነበር።

አሁን ጠመንጃውን ተመልከቱት። የሚጎርሰው በአፈሙዙ ነው። ጥይትና ባሩድ በወረቀት ተጠቅልሎ ይመጣል። ወታደሩ ወረቀቱን በጥርሱ ይቀዳል፣ ባሩዱን ወደ አፈሙዙ ያፈሳል፣ ጥይቱን ይከታል፣ ረጅሙን ዘንግ ይመዛል፣ ይጎሰጉሳል፣ ዘንጉን ይመልሳል፣ ጠመንጃውን አዙሮ ትንሽ የመዳብ ቆብ ከኋላ ይገጥማል፣ መዶሻውን ይስባል፣ ያልማል፣ ይተኩሳል። ቆቡ ናት ባሩዱን የምትለኩሰው። የሠለጠነ ሰው ይህን ሁሉ በደቂቃ ሦስት ጊዜ ይሠራል።

ጥይቱ ራሱ ብልህ ፈጠራ ነው። ከአፈሙዙ ጥቂት ስለሚቀጥን በቀላሉ ይገባል። ከኋላው ጎድጓዳ ስለሆነ ደግሞ ሲተኮስ በጋዙ ግፊት ይሰፋና የአፈሙዙን ጥምዝ ይዞ እየተሽከረከረ ይወጣል። ችግሩ ባሩዱ ነው። ጥቁር ባሩድ ሲቃጠል ከክብደቱ ግማሽ የሚሆነው ጋዝ አይሆንም፤ አንዱ ጭስ ሆኖ ዓይን ይጋርዳል፣ ሌላው ቱቦው ላይ ይጋገራል። በተኮሱ ቁጥር መጎስጎሱ ይከብዳል። ላይ ደግሞ ባሩድ ውስጥ ጨው አለ፣ ፖታሲየም ናይትሬት። በጥርስ በቀደዱት ቁጥር አፍ ይገባል። 40 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ኮዳቸው ባዶ የሆነባቸው ሰዎች ናቸው እንግዲህ ይህን የሚልሱት።

ትንሽ ስሌት እንሥራ፤ የራሴ ግምት ነው። ሥራው ዘጠኝ ደረጃ አለው እንበልና፣ ወታደሩ እያንዳንዱን ከ100 ጊዜ 99ኙን በትክክል ይሠራል። ዘጠኙም ሳይሳሳቱ የማለቃቸው ዕድል 0.99 ለዘጠኝ ጊዜ ተባዝቶ 0.914 ነው። ከ12 አንዱ ይከሽፋል ማለት ነው፤ በ40 ጥይት ሦስት ወይም አራት ጊዜ። የፈራና የተጠማ ሰው ደግሞ 99 አያገኝም።

ሲከሽፍስ ያውቃል? ቆቡን ቢረሳ ጠመንጃው ዝም ይላል። ግን ጎንና ጎኑ ያሉት ሁሉ ስለሚተኩሱ የራሱን ድምፅ ከሌላው አይለይም፣ ጭሱም የሁሉም ነው። ተኩሻለሁ ብሎ ሌላ ያጎርሳል። ከዚያ በኋላ ቆብ ቢገጥም እንኳ ጠመንጃው በእጁ ሊፈነዳ ይችላል።

አንዳንድ ጸሐፊዎች ብዙዎቹ ሰው መግደል ስላልፈለጉ ሆን ብለው የሚያስመስሉ ነበሩ ይላሉ። የተወሰኑት ይሆናል። ግን ከተለቀሙት መካከል ጥይቱ ከታች፣ ባሩዱ ከላይ የገባባቸው አሉ። ይሄ ለእኔ የማስመሰል ሳይሆን የተምታታበት ሰው ሥራ ነው የሚመስለኝ።

15ኛው አላባማ ደጋግሞ አጠቃ፣ አልቻለም። በመጨረሻ ጥይት የጨረሱት የሜይን ሰዎች በሳንጃ ወርደው በተኑት። የኦትስ ታናሽ ወንድም ጆን ታሞ ነበር፤ ቅር ቢባል እምቢ ብሎ ገባ። ቆስሎ ተማረከና ከሳምንታት በኋላ ሞተ።

በደቡቡ ጦር እጅ በብዛት ከነበሩት ጠመንጃዎች አንዱ የእንግሊዙ ኤንፊልድ ነው። እንግሊዞች በኋላ የቱቦውን ጀርባ ቆርጠው መክፈቻ ሠሩለትና ስናይደር አሉት። በ1868 ወደ መቅደላ የመጡት ይህንኑ ይዘው ነው፤ አያቶቻችን ሰናድር የሚሉት። ሰናድር ከኋላ ስለሚጎርስ፣ ውስጡ ጥይት ካለ ሁለተኛው አይገባም።